ጨረቃ የኮበለለችበት ድራማ፦ የ‹ስፔስ 1999› አነሣስና አወዳደቅ

ፊዚክስ የተማረ ሁሉ ስቆበታል። ተቺዎች ተሳልቀውበታል፤ ተዋንያኑ ራሳቸው ስክሪፕቱን እያነበቡ አጉረምርመዋል። ቢሆንም ‹ስፔስ 1999› የተባለው የብሪታንያ ተከታታይ ድራማ መታየት ከጀመረ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቢያስቆጥርም ወዳጅ አላጣም። ድራማው ጨረቃ በፍንዳታ ከምሕዋሯ ተስፈንጥራ፣ 311 ሰዎችን እንደ ተሸከመች በጠፈር ስትንከራተት ያሳያል። እንዴት እንደ ተፀነሰ፣ እንዴት እንደ ተሠራና እንዴት እንደ ተቀበረ ሲተረክ ግን ከመጋረጃው ፊት ይልቅ የመጋረጃው ጀርባ ያስቃል። በዚህ ትረካ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክሩን የበጠሱ ባልና ሚስት

ነገሩ የሚጀምረው ከአሻንጉሊት ነው። ጄሪ አንደርሰንና ባለቤቱ ሲልቪያ በ1960ዎቹ ስም ያወጡት በቀጫጭን ሽቦ ተንጠልጥለው በሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶች በሠሯቸው የልጆች ድራማዎች ነው። ከእነዚህ መካከል በ1965 መታየት የጀመረው ‹ተንደርበርድስ› ዛሬም ድረስ ይታወሳል። አሻንጉሊቶቹ አንድ ትልቅ ችግር ነበረባቸው፤ መራመድ አይሆንላቸውም። ሁለት እርምጃ ከሄዱ ጉልበታቸው ይብረከረካል። ስለዚህ ደራስያኑ ገጸ ባሕርያቱን ከሮኬት አውርደው መኪና ላይ፣ ከመኪና አውርደው ባሕር ሰርጓጅ ውስጥ ሲያስቀምጧቸው ኖሩ። የአንደርሰን ድራማዎች በማሽን ፍቅር ያበዱ የሚመስሉት አንድም በዚህ የተነሣ ነው። ባልደረቦቹ የጥቃቅን ሞዴሎችንና የፍንዳታን ጥበብ የተካኑትም በዚሁ ሰበብ ነው።

አንደርሰን ግን ልቡ ያለው ከእውነተኛ ተዋንያን ዘንድ ነበር። በ1970 ምኞቱ ሠመረና ሰዎች የሚተውኑበትን ‹ዩፎ› አቀረበ። የታሪኩ ዘመን 1980 ነው። ምድርን ከሌላ ዓለም ወራሪዎች የሚጠብቅ አንድ ምስጢራዊ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤቱን ከፊልም ስቱዲዮ ሥር ደብቋል። ስቱዲዮ በር ላይ ምንም ዓይነት ጉድ ቢገባና ቢወጣ የሚጠረጥር የለማ! ለፕሮዲዩሰሩም ቢሆን የገዛ ግቢውን መቅረጽ ወጪ ይቆጥብለታል። ጨረቃ ላይ ያለውን ጣቢያ የሚጠብቁት ሴቶች ደግሞ ሐምራዊ ዊግ ያደርጋሉ። ለምን ዊግ? ለምንስ ሐምራዊ? ድራማው ትንፍሽ አይልም።

ገንዘቡን የሚያወጣው አይቲሲ የተባለ ኩባንያ ነበር፤ ጌታው ሌው ግሬድ። ግሬድ ሲጋር ከአፉ የማይለይ፣ በወጣትነቱ በቻርለስተን ዳንስ የዓለም ሻምፒዮን የተባለ ሰው ነው። ድራማ ሲያሠራ ዓይኑ ከለንደን ይልቅ አሜሪካን ያያል፤ ብሩ ያለው እዚያ ነውና። ‹ዩፎ› አሜሪካ ሲደርስ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ተመልካች አገኘ። ይበልጥ የተወደዱት ጨረቃ ላይ የሚፈጸሙት ክፍሎች ስለነበሩ ሁለተኛው ምዕራፍ አብዛኛው እዚያው እንዲሆን ዝግጅት ተጀመረ። ከዚያ የተመልካቹ ቁጥር አሽቆለቆለና ሥራው ተሰረዘ። አንደርሰን ንድፉንና ሐሳቡን ታቅፎ ቀረ።

እጁን አጣጥፎ ግን አልተቀመጠም፤ በዚሁ ዝግጅት አዲስ ድራማ ልሥራበት ብሎ ጠየቀ። የአይቲሲ የኒው ዮርክ ኃላፊ ኤብ ማንዴል አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ፤ ታሪኩ ምድር ላይ እንዳይረግጥ። እንግሊዛውያን ቁጭ ብለው ሻይ ሲጠጡ የሚታዩበት ነገር እንዳይመጣበት ማስጠንቀቁ ነበር። አንደርሰንም እንግዲያው በመጀመሪያው ክፍል ምድርን ላፈንዳት አለ። ይህ ደግሞ ተመልካች ያስደነግጣል ተባለ። የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ሆነ፤ ምድር ባለችበት ትቆይ፣ ጨረቃ ትሂድ። ጨረቃን ከምሕዋሯ ያስወጣት እንግዲህ ኒውክሌር ሳይሆን የሽያጭ ክፍሉ ነው።

ሻማና ቤልቦተም

ቀጥሎ የተዋንያን ጉዳይ መጣ። ግሬድ አሜሪካውያን የሚያውቁት ፊት ስለፈለገ፣ ‹ሚሽን ኢምፖሲብል› በተባለው ድራማ ስም ያተረፉት ባልና ሚስት ማርቲን ላንዳውና ባርባራ ቤይን ተመረጡ። ቤይን በዚያ ሥራዋ ሦስት ጊዜ በተከታታይ የኤሚ ሽልማት ወስዳለች። ሲልቪያ አንደርሰን ምርጫውን አልወደደችውም፤ የሰማት ግን የለም። ላንዳው አልፋ የተባለውን የጨረቃ ጣቢያ አዛዥ ጆን ኮኒግን፣ ቤይን የጣቢያውን ዋና ሐኪም ሄሌና ራስልን ሆኑ። ሦስተኛው ዋና ተዋናይ ባሪ ሞርስ ነው። እሱ የሚጫወተው ፕሮፌሰር ቪክቶር በርግማን ሰው ሠራሽ ልብ የተገጠመለት፣ ጨዋና ብልህ ሽማግሌ ነው። በጣቢያው ውስጥ ከልቡ ፈገግ የሚል ሰው ቢፈለግ የሚገኘውም ይኸው ልበ ሰው ሠራሽ ነው።

አልባሳቱን እንዲነድፍ የተጠራው ሩዲ ጌርንራይክ ነበር፤ በ1964 ደረት የማይሸፍን የሴቶች የዋና ልብስ አውጥቶ ዓለምን ያንጫጫው ዲዛይነር። እንዲህ ያለ ሰው ለጠፈር ምን ጉድ ያመጣ ይሆን ብሎ የጠበቀ አፈረ። ያመጣው ለወንዱም ለሴቱም አንድ ዓይነት የሆነ፣ አሸዋ የመሰለ ቀለም ያለው ልብስ ነው። ቀለም የጎበኘው ግራ እጅጌው ብቻ ሲሆን፣ እሱም የባለቤቱን የሥራ ክፍል ያመለክታል። ሱሪው ግን ዘመኑን አልካደም፤ ቤልቦተም ነው። በ1999 የሰው ልጅ ጨረቃ ላይ ከተማ ይቆረቁራል እንጂ ከቤልቦተም አይላቀቅም ብለው ነበር ማለት ነው።

ሁሉም ትንቢት አልከሸፈም። የአልፋ ነዋሪዎች ወገባቸው ላይ ኮምሎክ የሚባል መሣሪያ ያንጠለጥላሉ። በር ይከፍቱበታል፤ በትንሿ ስክሪኑም ፊት ለፊት እየተያዩ ይነጋገሩበታል። ዛሬ በቪዲዮ የሚደውል ሰው ነገሩን አይቶ አይደነቅም፤ የዚያን ጊዜ ሰው ግን ተደንቋል። የጣቢያው ዋና ኮምፒውተር በአንጻሩ መልሱን በወረቀት ቁራጭ እያተመ ይሰጣል። የ311 ሰዎች ሕይወት በአንድ ክር ተንጠልጥላ ሳለ፣ የኮምፒውተሩ ኃላፊ ዴቪድ ካኖ ወረቀቷን ቀድዶ እስኪያነባት ድረስ ሁሉም አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

ቀረጻው በ1973 መጨረሻ ለንደን አጠገብ ባለው ፓይንውድ ስቱዲዮ ተጀመረ። ወቅቱ አያድርስ ነው። የነዳጅ ቀውሱና የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ትግል ተደራርበው፣ በ1974 መጀመሪያ ወራት የብሪታንያ መንግሥት ፋብሪካዎች በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ መብራት እንዲጠቀሙ አዘዘ። አገር በሻማ ሲያመሽ ፓይንውድ ውስጥ የጠፈር ከተማ ይገነባል። ወደ ጨረቃ የሚሄድ ሰውም አልነበረም፤ የመጨረሻዋ አፖሎ 17 በታኅሣሥ 1972 ተመልሳለች። አሜሪካ ትታት የወጣችውን ጨረቃ እንግሊዞች በወረቀትና በቀለም ይዘዋት ቀሩ።

የመጀመሪያውን ክፍል እንዲያዘጋጅ የመጣው ሊ ካትዚን ነገር ካልጠራ የማይረካ ዳይሬክተር ነበር። ለክፍሉ የተመደበው 10 ቀን ሲሆን፣ እሱ 25 ቀን ፈጀበት። ተቀናብሮ ሲታይ አንድ ሰዓት የሚሞላው ክፍል ከሁለት ሰዓት በላይ ሆኖ ተገኘ። አንደርሰን ራሱ አንዳንድ ትዕይንቶችን እንደ ገና ጽፎና ቀርጾ መልክ አስያዘው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሃያ አራት ክፍሎች ተቀርጸው ያለቁት በ1975 መጀመሪያ ነው። በብሪታንያ ቴሌቪዥን እስከዚያ ድረስ ይህን ያህል ገንዘብ የወጣበት ተከታታይ ድራማ አልነበረም፤ የጣሊያኑ ብሔራዊ ቴሌቪዥን ራይም በወጪው ተጋርቷል።

ገንዘቡ የት እንደ ገባ ለማየት ሞዴሎቹ ወደ ተቀረጹበት ብሬይ ስቱዲዮ መሄድ ያስፈልጋል። እዚያ ይሠራ የነበረው ብራያን ጆንሰን በስታንሊ ኩብሪክ ‹2001› ፊልም ላይ የተሳተፈ የልዩ ትዕይንት ባለሙያ ነው። የድራማውን ዋና መንኮራኩር ‹ንስር›ን የነደፈው እሱ ነው። ንስር የምታምር አይደለችም፤ የምትታመን ግን ናት። ከፊት የአብራሪዎቹ ክፍል፣ ከኋላ ሞተሮቹ፣ መሃሉን የሚያያይዘው የቱቦ አጥንት፣ ከሥሩም እንደ ሥራው ጠባይ የሚለዋወጥ የጭነት ክፍል አላት። ትልቁ ሞዴል ከአንድ ሜትር በላይ ይረዝማል።

አቀራረጹ ደግሞ ትዕግሥትን የሚፈታተን ነው። ንስርን በጥቁር ቬልቬት ፊት አቁመው ይቀርጿታል። ፊልሙን ሳያጥቡ ወደ ኋላ ይጠቀልሉና በዚያው ኔጋቲቭ ላይ ከዋክብቱን ይቀርጻሉ። እንደ ገና ጠቅልለው ፕላኔቷን ይጨምራሉ። በመጨረሻው ዙር አንድ ሰው ቢሳሳት የቀደመው ሁሉ ይበላሻል። ጥቅሙ ምስሉ አንድም ጊዜ ሳይገለበጥ በመጀመሪያው ፊልም ላይ እንዳለ መቅረቱ ነው፤ ለዚህም ነው ንስር ስትነሣና ስታርፍ ዛሬም ዓይን የማትከዳው።

የእንቁጣጣሽ ማግስት

ድራማው ሲያልቅ ሦስቱ ታላላቅ የአሜሪካ ኔትወርኮች አንገዛም አሉ። ማንዴል ተስፋ አልቆረጠም፤ ከመቶ ለሚበልጡ የአሜሪካ ጣቢያዎች አንድ በአንድ እየዞረ ሸጠው። በመስከረም 1975 በሁለቱም አገር መታየት ጀመረ።

ተመልካቹ ያየው ታሪክ ይህ ነው። በ1999 የምድር ሰዎች የኒውክሌር ቆሻሻቸውን የሚጥሉት ከምድር በማይታየው የጨረቃ ገጽ ላይ ነው። አዲሱ አዛዥ ኮኒግ ሥራውን በተረከበ በአራተኛው ቀን፣ መስከረም 13፣ የቆሻሻው ክምር ፈንድቶ ጨረቃን ከምሕዋሯ ያስፈነጥራታል። በእኛ አቆጣጠር ቀኑ መስከረም 2 ቀን 1992 ዓ.ም. ይውላል፤ የእንቁጣጣሽ ማግስት መሆኑ ነው። አዲስ ዓመት ለማንም እንዲህ አይግባ!

ስሌቱን ወረቀት ላይ ያሰፈረ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ጨረቃን ከምድር ስበት ለማላቀቅ ብቻ ሶቪየት ኅብረት በ1961 ያፈነዳችው፣ 50 ሜጋቶን የሆነው የዓለም ትልቁ ቦምብ ከ100 ቢሊዮን ጊዜ በላይ መፈንዳት ይኖርበታል። በዚያ ላይ ፍንዳታው የደረሰው በጨረቃ ጀርባ ከሆነ የሚገፋት ከምድር እንድትርቅ ሳይሆን ወደ ምድር እንድትመጣ ነው። ማንዴል ሊያያት ያልፈለጋት ምድር ራሷ ግጭቱን ታየው ነበር።

ፍጥነቱም ሌላ ጉድ ነው። ከፀሐይ ቀጥሎ ቅርብ የሆነችው ኮከብ 4.2 የብርሃን ዓመት ትርቃለች። ጨረቃ በየሳምንቱ አዲስ ፀሐይ ዘንድ እንድትደርስ ከብርሃን ከ200 እጥፍ በላይ መፍጠን አለባት። በዚህ ፍጥነት እንደ እኛ ያለውን የፀሐይ ቤተሰብ ከኔፕቱን ምሕዋር ዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ ሁለት ደቂቃ ተኩል አይፈጅባትም። ኮኒግ ግን አዲስ ፕላኔት ባየ ቁጥር ባልደረቦቹን ይሰበስባል፣ ይመካከራል፣ ኮምፒውተሩን ይጠይቃል፣ ወረቀቷን ያነባል፣ ንስር ይልካል፣ ንስሯ ትከሰከሳለች፣ ሌላ ንስር ይልካል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጨረቃ ስንት ፀሐይ አልፋ መሄዷን የሚጠይቅ የለም።

የጠየቀ ግን ነበር። ታዋቂው የሳይንስና የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲ አይዛክ አሲሞቭ በዚያው ዓመት ‹ኒው ዮርክ ታይምስ› ላይ ብዕሩን አነሣ። ጨረቃን ከምሕዋሯ ሊያወጣት የሚችል ፍንዳታ ቢኖር መጀመሪያ የሚያደርገው ራሷን ማፈራረስ ነው አለ። ብትወጣ እንኳ ቅርቧ ኮከብ ዘንድ ለመድረስ በሺህ የሚቆጠር ዓመት ይፈጅባታል። ፍርደ ገምድል ግን አልሆነም፤ የመድረኩን እውነት መምሰልና በጨረቃ ስበት የሚደረገውን እርምጃ አሳመሩት ሲል መስክሯል። ሳይንሱን ጥለው የሳይንቲስቱን ቤት አሳምረው ሠሩ ማለቱ ነበር።

ፊት ሳይፈታ የተነገረ ተረት

የመጀመሪያው ምዕራፍ ትልቁ ጠባዩ ኮስታራነቱ ነው። ሰዎቹ አይስቁም፤ አይቀልዱም፤ ፍቅር ቢይዛቸው እንኳ በሕክምና ሪፖርት ድምፅ ነው የሚነጋገሩት። ቤይን ዶክተር ራስልን ስትጫወት ባል ሲሞትባትም፣ የሞተው ባል ተመልሶ ሲመጣም ፊቷ ያው ነው፤ ተቺዎች በዚህ አልማሯትም። ላንዳው በበኩሉ ግንባሩን ቋጥሮ ዝም ይላል፤ ካሜራውም አብሮት ዝም ይላል።

ኮስታራነቱ አንዳንዴ ራሱ ያስቃል። ‹ስፔስ ብሬይን› በተባለው ክፍል ጨረቃ ከአንድ ግዙፍ የጠፈር አእምሮ ጋር ትጋጫለች፤ አእምሮውም ራሱን ለመከላከል ጣቢያውን ነጭ በሆነ ነገር ይሞላዋል። ጽሑፉ ላይ አስፈሪ ነበር። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን ኦሞ የበዛበት የልብስ ማጠቢያ አረፋ ነው። አረፋው በኮሪደሩ እየሞላ ይመጣል፤ እነኮኒግ በጠፈር ልብሳቸው በአረፋ ውስጥ እየዋኙ፣ ፊታቸው እንደ ተቋጠረ፣ ሞትን ይጋፈጣሉ።

ይኸው ኮስታራነት ሲሠምር ግን ድራማውን ከፍ ያደርገዋል። ‹ኧርዝባውንድ› የተባለውን ክፍል እንይ። ወደ ምድር የምትጓዝ የባዕዳን መርከብ ጨረቃ ላይ ታርፋለች፤ አዛዧን ካፒቴን ዛንቶርን የሚጫወተው ክሪስቶፈር ሊ ነው። ተጓዦቹ በመስታወት ሣጥን ውስጥ 75 ዓመት ተኝተው ይሄዳሉ። አንድ ሰው ስለሞተባቸው አንድ ባዶ ቦታ አለ፤ ከአልፋ ነዋሪዎች አንዱ ወደ ቤቱ መሄድ ይችላል። ጉዳዩ ለኮምፒውተሩ ተሰጠ። አልፋ ላይ በአጋጣሚ የቀረው ባለሥልጣን፣ ኮሚሽነር ሲመንድስ፣ ውጤቱን መጠበቅ አልቻለም። መሣሪያ ይዞ የኃይል ማመንጫው ውስጥ ይገባና ካልወሰዳችሁኝ ጣቢያውን አጠፋዋለሁ ብሎ ቦታውን ይነጥቃል። መርከቧ ተነሥታ ሄደች። ሲመንድስ ከእንቅልፉ ይነቃል፤ ምድር የደረሰ መስሎት ኮምሎኩን አውጥቶ ይጣራል። የሚመልስለት ኮኒግ ነው። 75 ዓመቱ አላለፈም፤ ከጥቂት ሰዓት በፊት ነው የተነሡት። የእንቅልፍ መሣሪያው ለእያንዳንዱ ሰው አካል ተስተካክሎ መዘጋጀት ነበረበት፤ እሱ ደግሞ ለዚያ ጊዜ አልሰጠም። ሣጥኑን ከውስጥ ሲደበድበው እናያለን። ይህ ሳያንስ፣ ኮምፒውተሩ መርጦት የነበረው ሰው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ መልሱ ያው ሲመንድስ ሆኖ ይገኛል፤ ለጣቢያው ከሁሉ ያነሰ የሚያስፈልገው እሱ ነበርና።

‹ድራጎንስ ዶሜይን› ደግሞ የብዙዎች ምርጫ ነው። በጠፈር መሃል ያለ የመርከቦች መቃብር፣ ብዙ እጆችና የሚያበራ አንድ ዓይን ያለው ጭራቅ፣ በጭራቁ ጓዶቹን አጥቶ ማንም ያላመነው ጠፈርተኛ ቶኒ ቼሊኒ። ጭራቁ ሰው ይጎትትና ውጦ፣ የደረቀውን ሬሳ ጭስ እንደ ለበሰ ይተፋዋል። የምድር መሣሪያዎች ሕይወት መኖሩን አያነቡትም፤ ስለዚህ የቼሊኒ አለቆች እንደ እብድ ቆጠሩት። በመጨረሻ መጥረቢያ ይዞ ተመልሶ ይገጥመዋል። ታሪኩ ሲያልቅ እነኮኒግ የቅዱስ ጊዮርጊስንና የዘንዶውን ነገር ያነሣሉ፤ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ሥዕሉን ለሚያይ ለእኛ አንባቢ ማስረዳት አያሻም።

በ‹ብላክ ሰን› ጨረቃ ወደ ጥቁር ፀሐይ ስትሳብ፣ ማምለጫ እንደሌለ ያወቁት ኮኒግና በርግማን ብራንዲ ቀድተው ቁጭ ብለው ይጨዋወታሉ። ሳይንሱ ከንቱ ነው፤ ሁለቱ ሰዎች ግን ሞትን የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው ምዕራፍ የሚያስቅም የሚያስከብርም ነገሩ ይኸው ነው፤ የማይሆነውን ነገር የሆነ ያህል አምኖ ይናገራል።

ከድጡ ወደ ማጡ

በ1975 መጨረሻ የአሜሪካ ተመልካች እየሳሳ መጣ። አይቲሲ ሁለተኛ ምዕራፍ የሚፈቅደው ድራማው ከታደሰ ብቻ ነው አለ። በዚህ መካከል አንደርሰንና ሲልቪያ ተለያዩ፤ እሷም ከሥራው ወጣች። በቦታዋ ከአሜሪካ ፍሬድ ፍራይበርገር መጣ። ፍራይበርገር የ‹ስታር ትሬክ›ን ሦስተኛ ምዕራፍ ያዘጋጀ ሰው ነው፤ ሦስተኛው የመጨረሻው ሆኖ ቀርቷል። በዚህ የተነሣ የሳይንስ ልብ ወለድ ወዳጆች የድራማ ገዳይ የሚል ስም አውጥተውለት ነበር። አውሮፕላኑ ተመትቶ ወድቆ በጀርመን የጦር ምርኮኛ የነበረው ይህ ሰው፣ ከምርኮው ይልቅ የ‹ስታር ትሬክ› ወዳጆች ወቀሳ እንደ ረዘመበት እየቀለደ ይናገር ነበር።

የፍራይበርገር ምርመራ እንዲህ ነበር፤ ድራማው ቀዝቃዛ ነው፣ ሰዎቹ አይስቁም፣ ድርጊት ያንሰዋል። ምርመራው ስህተት የለውም። መድኃኒቱ ግን በሽተኛውን ገደለው። ሰፊው ዋና አዳራሽ ቀርቶ ጠባብ የማዘዣ ክፍል ተተካ። ፕሮፌሰር በርግማን፣ ካኖና ሌሎችም ጠፉ። ሞርስ የወጣው በክፍያ ሳይስማማ ቀርቶ ነው፤ ተመልካቹ ግን ፕሮፌሰሩ ሞተ እንኳ ተብሎ አልተነገረውም። ይህን የሚያስረዳ ንግግር ስክሪፕቱ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ተቆርጦ ወጣ። 311 ሰዎች በሚኖሩባት ደሴት ዋናው ሳይንቲስት ሲጠፋ የት ሄደ ብሎ የጠየቀ ጎረቤት የለም።

የገባችው ማያ ናት፤ ካትሪን ሼል የተጫወተቻት የፕላኔት ሳይኮን ልጅ። ወደ ፈለገችው ፍጡር የመለወጥ ችሎታ አላት፤ ለአንድ ሰዓት ብቻ። ሼል ሥራዋን በሚገባ ሠርታለች፤ ማያም የምትወደድ ሆናለች። ችግሩ ደራስያኑ መውጫ ሲያጡ ማያን አንበሳ፣ ወፍ ወይም ጭራቅ ማድረግ ማዘውተራቸው ነው። የጸጥታ ኃላፊው ቶኒ ቨርዴስኪ ደግሞ ቢራ ይጠምቃል። ቢራው አይጠጣም፤ ቀልዱ ይኸው ነው፣ በየጊዜውም ይደገማል።

‹ቤታ ክላውድ› በተባለው ክፍል አንድ ግዙፍ ጭራቅ ጣቢያውን ያምሰዋል። ከጭራቁ ልብስ ውስጥ ያለው ዴቪድ ፕራውስ ነው፤ በቀጣዩ ዓመት በ‹ስታር ዎርስ› ውስጥ የዳርዝ ቬደርን ጥቁር ልብስ ለብሶ ዓለም ያየው ሰው። ማያ በአውሬ መልክ ብትገጥመውም አልቻለችውም። በመጨረሻ ነፍሳት ሆና በጆሮው ትገባለች፤ ሮቦት ሆኖ ታገኘዋለች።

የሁሉ ቁንጮ ግን ፍራይበርገር ራሱ በብዕር ስም የጻፈው ‹ሩልስ ኦቭ ሉተን› ነው። ኮኒግና ማያ አንዲት ለምለም ፕላኔት ላይ ይወርዳሉ። እሱ አበባ ይቀጥፋል፤ እሷ ከቁጥቋጦ ፍሬ ትበላለች። ወዲያው ዛፎቹ አፍ አውጥተው ነፍሰ ገዳዮች ናችሁ ብለው ይፈርዱባቸዋል፤ የፕላኔቷ ባለርስቶች ዕፀዋት ናቸውና። ፍርዱም ከሦስት ጭራቆች ጋር እስከ ሞት መዋጋት ነው። ፍራይበርገር የፕላኔቷን ስም ያገኘው በመኪና ሲያልፍ ካየው የመንገድ ምልክት ነው ይባላል። ሉተን ከለንደን በስተሰሜን ያለች፣ ያኔ በመኪና ፋብሪካዋ የምትታወቅ ከተማ ናት፤ እንግሊዛዊው ተመልካች የጠፈሩን ዳር ሲጠብቅ ጎረቤቱን አገኘ።

ላንዳው ተናደደ፤ ሌሎቹም ተዋንያን በስክሪፕቶቹ አፈሩ። ቅሬታቸው ቀልድ መጨመሩ ላይ አልነበረም። ድራማው ለራሱ ያለውን ክብር ማጣቱ ነበር። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም እንደሚባለው፣ አዘጋጁ ያላመነበትን ጭራቅ ተመልካች ሊያምንለት አልቻለም። አሲሞቭ የነቀፈው የፊዚክስ ስህተት በሁለቱም ምዕራፍ አለ። በመጀመሪያው ይቅር ተባለ፤ በሁለተኛው ግን ከእሱ የባሰ ስህተት ስለተገኘ ተዘነጋ።

ሳይቋጭ የቀረ ጉዞ

ሁለተኛው ምዕራፍ በ1976 ተቀርጾ በዚያው ዓመት መታየት ጀመረ። በግንቦት 1977 ‹ስታር ዎርስ› ሲወጣ የተመልካቹ ዓይን ሌላ ቦታ ሄደ። ሦስተኛ ምዕራፍ አልተፈቀደም። በ48 ክፍል የተንከራተቱት የአልፋ ነዋሪዎች ምድርም አልተመለሱ፣ አዲስ አገርም አላገኙ፤ ታሪኩ በአንድ ተራ ክፍል ላይ ቆመ። ግሬድ ፊቱን ወደ ሲኒማ አዞረ። በ1980 ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰበት ‹ሬይዝ ዘ ታይታኒክ› የተባለው ፊልም ሲከስር፣ መርከቧን ከማውጣት አትላንቲክን ዝቅ ማድረግ ይረክስ ነበር ብሎ መቀለዱ ይነገራል። ከዚህ ቀደም ጨረቃን ላባረረ ሰው የሚከብድ አልነበረም።

ከፍርስራሹ የተረፈው የባለሙያዎቹ እጅ ነው። ብራያን ጆንሰንና ባልደረባው ኒክ አልደር በ1979 በወጣው ‹ኤሊየን› ፊልም የልዩ ትዕይንት ኦስካር ከተሸለሙት መካከል ናቸው፤ ጆንሰን በ‹ስታር ዎርስ› ሁለተኛ ፊልምም ደግሞታል። ላንዳው ‹ኤድ ውድ› በተባለው የ1994 ፊልም ኦስካር ወሰደ። ፊልሙ የሚተርከው በርካሽ መድረክና በላስቲክ ጭራቅ ፊልም ይሠራ ስለነበረ አንድ ዳይሬክተር ነው፤ ላንዳው ለዚህ በቂ ልምምድ ነበረው።

ቀኑ ደረሰ። መስከረም 13 ቀን 1999 የድራማው ወዳጆች ሎስ አንጀለስ ተሰብስበው ጨረቃ ስትኮበልል ጠበቁ። በዚያ ዕለት አጠር ያለች አዲስ ፊልም ታየች። የጻፋት ከድራማው ደራስያን አንዱ የነበረው ጆኒ በርን ሲሆን፣ ብቸኛዋ ተዋናይ በድራማው የአልፋ ነዋሪዋን ሳንድራን ትጫወት የነበረችው ዚንያ መርተን ናት። ሳንድራ የአልፋ ነዋሪዎች ሊኖሩባት የምትችል ፕላኔት አግኝተው ጨረቃን ለቅቀው እየወጡ መሆኑን ለምድር ትነግራለች። ኩባንያው ያልቋጨውን ታሪክ ወዳጆቹ ቋጩት።

እውነተኛዋ ጨረቃም ብትሆን በቦታዋ አልረጋችም። የአፖሎ ጠፈርተኞች ትተውላት በመጡት መስታወት ላይ ሌዘር እያበሩ የሚለኩ ሳይንቲስቶች በዓመት 3.8 ሴንቲ ሜትር ያህል ከምድር እንደምትርቅ አረጋግጠዋል። ድራማው መታየት ከጀመረበት ከ1975 ወዲህ ሁለት ሜትር ገደማ ሄዳለች ማለት ነው።

ድራማውን ማየት የሚሻ አንባቢ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ‹ኧርዝባውንድ›ንና ‹ድራጎንስ ዶሜይን›ን፣ ከሁለተኛው ‹ሩልስ ኦቭ ሉተን›ን አስከትሎ ይይ። አንድ ዓይነት ውሸት አምኖ በሚናገርና ሳያምን በሚናገር ሰው አፍ ምን ያህል እንደሚለያይ ራሱ ይፈርዳል። ሳይንሱን ግን ከሌላ ቦታ ይማር።